አድማጭ ሲበዛ የሚደክም ሬዲዮ

የኤፍ ኤም ጣቢያ አንድ አዲስ አድማጭ ሲያገኝ ምንም አይጎድልበትም። ማሠራጫው ሥራው ከኮረብታው አናት ሞገዱን መልቀቅ ነው፤ ከታች አንድ ሰውም ይክፈተው መቶ ሺህ፣ የመብራት ቆጣሪው ያው ነው። ጋዜጠኛውም ማን እንደሚሰማው በውል አያውቅም። ስልክ ሲደወልለት፣ ደብዳቤ ሲመጣለት ደስ ይለዋል እንጂ ማይክሮፎኑ ፊት ሲቀመጥ የሚያወራው ለማያየው ሕዝብ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሰዉ ምድር ቤትና መኝታ ክፍል መከፈት የጀመሩት የኢንተርኔት ሬዲዮኖች የተለዩት እዚህ ላይ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህ ጣቢያዎች አድማጫቸውን አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር። በዚህች ደቂቃ ስንት ሰው እየሰማ እንደሆነ፣ ማን መቼ እንደገባ፣ ስንት ሰከንድ ታግሶ እንደወጣ ኮምፒዩተሩ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ባለጣቢያው በዚያ ቁጥር ይደሰታል፣ በዚያው ቁጥር ይጨነቃል። ቆይቶ ደግሞ ሕጉም ሒሳቡን በዚያው ቁጥር ማስላት ጀመረ።

ነገሩ የሚነሳው ዊናምፕ ከሚባለው የዘፈን ማጫወቻ ፕሮግራም ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት ወይም ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ኮምፒዩተር የነካ ሰው ያችን ጠባብ ግራጫ መስኮት፣ አረንጓዴዎቹን የደቂቃ ቁጥሮችና ከዘፈኑ ጋር ከፍ ዝቅ የሚሉትን ዘንጎች አይረሳም። ዊናምፕን በ1997 ያወጣው ጀስቲን ፍራንክል፣ ከዩታ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋርጦ የወጣ ወጣት ነው። እሱና ቶም ፔፐር በ1998 ማብቂያና በ1999 መግቢያ ላይ ሻውትካስት የተባለውን ፕሮግራም አከሉበት። በዚያው ሰሞን ጃክ ሞፊትና ባራት ራጋቫን አይስካስትን ጀመሩ፤ ይህኛው ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው የሚችል፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ሰርቨር ነው። ከዚያ በፊት ዘፈን በኮምፒዩተሩ የሚያዳምጥ የነበረ ሁሉ በአንድ ሌሊት ዘፈን አሠራጭ መሆን ቻለ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። አንድ ኮምፒዩተር፣ የኤምፒ3 ክምችት፣ የዲኤስኤል ወይም የኬብል ኢንተርኔት፣ ከተገኘ ደግሞ ማይክሮፎን። ዊናምፕ ዘፈኑን ያጫውታል፤ አብሮት የሚጫን ፕለጊን ድምፁን እንደገና ጨምቆ ለሰርቨሩ ይልካል፤ ሰርቨሩ ለሚመጣው አድማጭ ሁሉ ያድላል። ዊናምፑና ሰርቨሩ እዚያው አንድ ኮምፒዩተር ላይ ቢቀመጡም ችግር የለም።

የሻውትካስት ሰርቨር የሚታዘዘው በኖትፓድ በሚከፈት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነበር። ፋይሉ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ስንት አድማጭ ይፈቀድ የሚል ነው፤ ካልነኩት 32 ይላል። ቀጥሎ የይለፍ ቃልና የፖርት ቁጥር። አድማጭ በ8000 ይገባል፤ ዘፈኑን የሚልከው ፕለጊን ደግሞ በሚቀጥለው፣ በ8001። አይስካስትም 8000ን ነው የሚወደው። በኋላ በወጣው ሁለተኛው አይስካስት ፋይል ላይ ሦስት የይለፍ ቃሎች ነበሩ፤ ሦስቱም «ሃክሚ» («ሰብረህ ግባብኝ» እንደማለት) ተብለው ነው የሚመጡት። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት እንዲህ ያለ ቃል የሚያይ ሰው ሳይቀይረው አያልፍም ብለው ይሆናል። ሳይቀይረው ያለፈ ሰው ጣቢያ ላይ ማንም እንግዳ ገብቶ የራሱን ዘፈን ሊለቅበት ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነበር ብዙውን ሰው ያደከመው። ቤቱ ውስጥ ራውተር ካለ፣ ከውጭ የሚመጣው አድማጭ ራውተሩ ጋ ደርሶ ይቆማል፤ የትኛው ኮምፒዩተር እንደሚፈልገው ራውተሩ አያውቅምና። ስለዚህ ባለጣቢያው በብራውዘሩ 192.168.1.1 ብሎ ራውተሩ ውስጥ ይገባና «በ8000 የመጣውን ሁሉ ወደዚህ ኮምፒዩተር ምራ» ብሎ ይጽፍለታል። ይህን ጨርሶ ከዚያው ከቤቱ ሆኖ በውጭው አድራሻ ልሞክረው ሲል ግን አይከፍትለትም፤ የዚያን ጊዜ ራውተሮች ብዙዎቹ ከውስጥ ወጥቶ ተመልሶ የሚገባን ጥሪ አያስተናግዱም ነበር። ጣቢያው ይሠራል አይሠራም የሚለውን ሊነግረው የሚችለው ሌላ ቤት ያለ ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው የጊዜው ቀልድ ያለው። ወዳጅ ዘንድ ይደወላል፤ «እስቲ ይህችን አድራሻ ጻፋትና ክፈታት፤ ይሰማሃል?» ወዳጁ ግን ኢንተርኔት የሚያገኘው በዚያው በስልክ መስመሩ ነው። ሞደሙ ከተደወለ ስልኩ ይያዛል፣ ስልኩ ከተነሳ ሞደሙ ይቋረጣል። ስለዚህ ስልኩን ይዘጋል፣ ሞደሙ እያፏጨ ይገናኛል፣ ጣቢያውን ይከፍታል፣ ጥቂት ይሰማል፣ ኢንተርኔቱን ያቋርጣል፣ መልሶ ይደውላል፤ «ይሰማል፣ ግን ይቆራረጣል።» ባለጣቢያው አንድ ነገር ያስተካክልና ዙሩ እንደገና ይጀመራል።

አድራሻውም ቋሚ አልነበረም። የኢንተርኔት ኩባንያው ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የአይፒ ቁጥር ሞደሙ ጠፍቶ ሲበራ ሊለወጥ ይችላል። ትናንት ለወዳጅ ዘመድ የተበተነው ቁጥር ዛሬ የማያውቁት ሰው ቤት ይሆናል። ይህን ያቃለለው ዳይንዲኤንኤስና መሰሎቹ የሰጡት ነፃ አገልግሎት ነበር፤ ስሙ አንድ ሆኖ ይቆያል፣ ከጀርባው ያለው ቁጥር ግን በተለወጠ ቁጥር ይታደሳል።

ዘፈኑ ከካሴት የሚመጣ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ቀጭን ገመድ ወጥቶ ከሳውንድ ካርዱ ሰማያዊ ቀዳዳ ላይ ይሰካል። ቴፑና ኮምፒዩተሩ መብራት የሚወስዱት ከተለያየ ማከፋፈያ ከሆነ ከዘፈኑ ሥር የማያቋርጥ እምምታ ይገባል። ያ የመብራቱ የራሱ ድምፅ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በሰከንድ 60 ጊዜ ይርገበገባል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 50። ሁለቱን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ፀጥ ያሰኘዋል። ፕለጊኑ ከሳውንድ ካርዱ የሚወጣውን ድምፅ ሁሉ እንዲይዝ ተደርጎ ከተስተካከለ ደግሞ ኮምፒዩተሩ የሚያሰማው ሁሉ አየር ላይ ይወጣል። በትዝታ ዘፈን መካከል የያሁ ሜሴንጀር ጥሪ ሲንቃጨል የሰማ አድማጭ ጣቢያው የማን እንደሆነ ባያውቅም በዚያች ሰዓት ለባለጣቢያው መልእክት እንደደረሰው ግን አወቀ ማለት ነው።

ሌላው የሚያስገርመው መዘግየቱ ነበር። ሰርቨሩ አዲስ አድማጭ ሲመጣ ባዶ እጁን አያስገባውም፤ ካለፉት ሰከንዶች ያስቀመጠውን ድምፅ በአንድ ጊዜ አስታቅፎት ነው የሚጀምረው። ሁለተኛው አይስካስት ለዚህ የሚያቆየው 64 ኪሎባይት ያህል ነው፤ በ128 ኪሎቢት ጥራት ሲሰላ አራት ሰከንድ ገደማ ይሆናል። የአድማጩ ማጫወቻም በበኩሉ ድምፁ እንዳይቆራረጥ ጥቂት ያጠራቅማል። ውጤቱ፣ ባለጣቢያው ማይክሮፎኑ ላይ «እንደምን አመሻችሁ» ብሎ ዝም ካለ በኋላ ሳሎን ካለው ኮምፒዩተር የራሱ ሰላምታ ዘግይቶ ይመጣል። ሁለት አድማጮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ እንኳ እኩል አይሰሙም። ሬዲዮ ከጥንት ጀምሮ ሲኮራበት የኖረውን አንድ አገልግሎት፣ ሰዓት መንገርን፣ የኢንተርኔት ሬዲዮ በትክክል ሊሰጥ አይችልም።

የሰርቨሩ ጥቁር መስኮት ግን የትኛውም የኤፍ ኤም ጋዜጠኛ አይቶት የማያውቀውን ነገር ያሳይ ነበር። አድማጭ ሲገባ አንድ መስመር ይጻፋል፤ የመጣበት አይፒ አድራሻ፣ የሚሰማበት ፕሮግራም፣ አሁን ጠቅላላው ስንት እንደደረሰ። ሲወጣ ሌላ መስመር፤ ግንኙነቱ ስንት ሰከንድ እንደቆየ። 3,400 ሰከንድ የሚል ሲታይ አንድ ሰው የት እንዳለ በማይታወቅ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አብሮ አምሽቷል። 12 ሰከንድ የሚል ሲታይ ደግሞ... ባለጣቢያው ማይክሮፎኑን አንስቶ መናገር በጀመረባት ቅጽበት ከሆነ ትርጉሙን ራሱ ያውቀዋል። ቁጥሩ 3 ሲል ከሦስቱ አንዱ ብዙ ጊዜ ራሱ ባለጣቢያው ነው፤ ስርጭቱን ለመቆጣጠር ከሌላ ክፍል የከፈተው ኮምፒዩተር እንደማንኛውም አድማጭ ይቆጠራልና። ሻውትካስት በዓለም ዙሪያ ያሉትን ጣቢያዎች በአንድ ማውጫ ላይ ሲዘረዝርም በአድማጭ ብዛት ነበር የሚደረድራቸው። ትንሹ ጣቢያ ከዝርዝሩ ግርጌ ሆኖ ወደ ላይ ያንጋጥጣል።

ወደ ላይ መውጣት ግን ዋጋ ነበረው። እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን የተለየ ቅጂ ነው የሚፈልገው፤ ሰርቨሩ ድግስ ላይ ለእያንዳንዱ እንግዳ እየተመላለሰ ለብቻው ሰሃን እንደሚያቀርብ አስተናጋጅ ነው። በ128 ኪሎቢት ጥራት አንድ አድማጭ በሰዓት 57.6 ሜጋባይት ይወስዳል። ሳያጠፋ ወሩን ሙሉ ቢያዳምጥ 41 ጊጋባይት አለፈ። የዚያን ጊዜ የቤት ዲኤስኤል ደግሞ ለተቀባይ እንጂ ለላኪ አልተሠራም፤ ወደ ቤት የሚገባው ፈጣን ሆኖ ከቤት የሚወጣው ብዙ ጊዜ 128 ወይም 256 ኪሎቢት ብቻ ነበር። በ128 ኪሎቢት መስመር ላይ በ128 ኪሎቢት ጥራት ላሠራጭ ያለ ሰው አንድ አድማጭ እንኳ በቅጡ አይችልም።

ስለዚህ ሁሉም ጥራቱን ይቀንሳል። 24 ኪሎቢት፣ ሞኖ። አሁን አምስት ሰው ይችላል፤ በስልክ ሞደም የሚያዳምጠውም ሳይቆራረጥበት ሊሰማ ይችላል። ዋጋውን የሚከፍለው ሙዚቃው ነው። በዚህ ደረጃ ድምፁ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው በሰከንድ 22,050 ናሙና ነው፤ ይህ ማለት ከ11 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይቀራል ማለት ነው። የጸናጽሉ ብልጭታ፣ ዋሽንት ነፊው ከንፈሩ ላይ የሚያሰማው ትንፋሽ፣ የማሲንቆው ጭራ ገመዱን ሲፈትግ የሚወጣው ስለታም ድምፅ ይጠፋና የቀረው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፈን ይመስላል። የሰው ንግግር ግን በ24 ኪሎቢት ደህና ይሰማል። በጠባብ መስመር የጀመሩ ጣቢያዎች ለወሬና ለውይይት የተመቹት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ሊቀር ይችል ነበር። ጁን 24 ቀን 1993፣ ሲቪር ታየር ዳሜጅ የሚባል ባንድ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ ፓርክ ምርምር ማዕከል ግቢ ሲጫወት ስርጭቱ በቀጥታ አውስትራሊያ ድረስ ታይቷል። ተጫዋቾቹ የኮምፒዩተር ሰዎች ነበሩ፤ ከበሮ መቺው ማርክ ዋይዘር፣ ኮምፒዩተር ወደፊት በየዕቃው ውስጥ ገብቶ ዓይን የማይስብ ነገር ይሆናል ብሎ ቀድሞ የጻፈው ተመራማሪ ነው። የተጠቀሙበት ኤምቦን የሚባለው መረብ ደግሞ አድማጭ የማያደክመው ነበር። ከላኪው የሚወጣው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ እዚያ ያለው ራውተር ያባዛዋል። ለአሥር ሰውም ለአሥር ሺህም ከላኪው ቤት የሚወጣው እኩል ነው። በኖቬምበር 1994 ሮሊንግ ስቶንስ ከዳላስ ኮንሰርታቸውን በዚሁ መረብ ሊያሠራጩ ሲዘጋጁ፣ እነ ዋይዘር ማንም ሳይጋብዛቸው ከፓሎ አልቶ ቀድመው ገብተው ለዓለም ዝነኛው ባንድ ማሟሟቂያ ሆኑ። መረቡ ክፍት ስለነበር ማንም ሊከለክላቸው አልቻለም። የኢንተርኔት ኩባንያዎች ግን ይህን አሠራር ለመኖሪያ ቤቶች አልከፈቱትም፤ ኤምቦን በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት ግቢ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጣው የቤት ሬዲዮ ሁሉ የተገነባው ሰሃን በማመላለሱ ዘዴ ላይ ነው።

ሌሎች በሌላ መንገድ ሄዱ። ኖቬምበር 7 ቀን 1994 በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጣቢያ የሆነው ደብሊው ኤክስ ዋይ ሲ፣ ለቪዲዮ ንግግር በተሠራ ፕሮግራም የኤፍ ኤም ስርጭቱን ኢንተርኔት ላይ አወጣ። በኤፕሪል 1995 ሮብ ግሌዘር ከሲያትል ሪልኦዲዮን ሲያወጣ ደካማ የስልክ ሞደም ያለው ሰው ሁሉ መስማት ቻለ፤ ሰርቨሩን መግዛት የፈለገ ግን ፈቃዱን የሚገዛው በአንድ ጊዜ በሚያስተናግዳቸው አድማጮች ልክ ነበር። ሻውትካስትና አይስካስት ያን ያህል የተወደዱት ይህን ሒሳብ ስላስቀሩት ነው።

ለጠባቡ የቤት መስመር ብልሃት የተገኘው ሥራውን ለሁለት በመክፈል ነው። ቤት ያለው ኮምፒዩተር አንድ ቅጂ ብቻ ወደ ኪራይ ሰርቨር ይልካል፤ ሰፊ መስመር ያለው የኪራዩ ሰርቨር ያባዛል። ሪሌይ ይሉታል። በ1999 የጀመረው ላይቭ365 ይህንኑ ለሁሉም ሰው እንዲቀል አድርጎ አቀረበው። ቢል ጎልድስሚዝ በ2000 ከካሊፎርኒያዋ ፓራዳይዝ ከተማ ሬዲዮ ፓራዳይዝን፣ ረስቲ ሆጅ በዚያው ዓመት ከሳን ፍራንሲስኮ ሶማኤፍኤምን የጀመሩት በእንዲህ ያለው ዘመን ነው። ሁለቱም ዛሬም አሉ፤ ሁለቱም በአድማጭ መዋጮ ይተዳደራሉ።

ቀጥሎ ሕጉ መጣ። አሜሪካ ውስጥ ኤፍ ኤም ጣቢያ ለዘፈን ደራሲው ይከፍላል እንጂ ለዘፋኙና ለቀረፃው ባለቤት አይከፍልም። የ1998ቱ የቅጂ መብት ሕግ ግን በኢንተርኔት የሚያሠራጨው ለእነሱም እንዲከፍል ደነገገ። ጁን 20 ቀን 2002 የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ጄምስ ቢሊንግተን ዋጋውን ቆረጡ፤ ለአንድ ዘፈን፣ በአንድ አድማጭ፣ የአሜሪካ ሳንቲም ሰባት መቶኛ። ትንሽ ይመስላል። በሰዓት 15 ዘፈን የሚያጫውትና ቀን ከሌት መቶ አድማጭ የማያጣ ጣቢያ ግን በቀን 25 ዶላር፣ በዓመት ከ9 ሺህ ዶላር በላይ ይመጣበታል፤ ያውም ወደ ኋላ እስከ 1998 ተቆጥሮ። አንድ ሳንቲም ገቢ የሌለው ሰው ከመኝታ ክፍሉ የሚያሠራጨው ጣቢያ ማለት ነው። ውሳኔው ሳይወጣ፣ ሜይ 1 ቀን 2002 በመቶዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ለተቃውሞ ዝም ብለው ነበር። ከወጣ በኋላ ሶማኤፍኤም ስርጭቱን አቋረጠ፤ የተመለሰው የትንንሽ ጣቢያዎችን ክፍያ ከገቢያቸው ጋር ያገናኘ ስምምነት ወደ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ሲገኝ ነው።

ሕጉ ከክፍያው ሌላ አጨዋወቱንም ደንግጎ ነበር። በሦስት ሰዓት ውስጥ ከአንድ አልበም ከሦስት ዘፈን በላይ፣ ከአንድ ዘፋኝ ከአራት በላይ አይቻልም፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም ዘፈን አስቀድሞ ማሳወቅ አይፈቀድም። አንድ ታላቅ ድምፃዊ ሲያርፍ ቀኑን ሙሉ የእሱን ሥራ ብቻ ማሰማት የለመደ ሕዝብ ይህን ደንብ ሲያነብ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሐዘን ደርሶባቸው ያውቃል ወይ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ኤፍ ኤም ጣቢያ እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም።

ከአገሩ ለራቀው ኢትዮጵያዊ ነገሩ ሌላ ትርጉም ነበረው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ከ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ከ1982 ጀምሮ በአጭር ሞገድ ይሠራጩ ነበር፤ ሞገዱ ግን የተነጣጠረው ወደ አገር ቤት ነበር። የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ዝግጅቱ የሚሰናዳው ዋሽንግተን መሐል ሆኖ ሳለ እስከ 2013 ድረስ ለአሜሪካ ነዋሪ እንዲሠራጭ ሕጉ አይፈቅድም ነበር። ከስቱዲዮው ደጅ ታክሲውን አቁሞ ተረኛ ተሳፋሪ የሚጠብቅ አበሻ፣ ከበስተጀርባው ባለው ሕንፃ ውስጥ በቋንቋው የሚነበበውን ዜና በመኪናው ሬዲዮ ማግኘት አይችልም ነበር ማለት ነው። የቀረው አማራጭ ከአካባቢው ጣቢያዎች በሳምንት አንድ ሁለት ሰዓት ተከራይቶ ማሠራጨት ነበር። ለእንዲህ ያለው ሰው ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ፣ ኪራይ የማይከፈልበት፣ ዋሽንግተንንም ሽቱትጋርትንም ቴል አቪቭንም እኩል የሚደርስ ጣቢያ ቤቱ ውስጥ መትከል ትልቅ ነገር ነው።

ብዙም ሳይቆይ ግን ፓልቶክ የሚባለው የድምፅ መወያያ ተለመደና ራውተር መነካካቱን አስቀረ። ክፍል ከፍቶ መናገር ነው፤ ሌላው እጁን አውጥቶ ተራ ይጠብቃል። በ2005 አካባቢ የነበረውን የዳያስፖራ የፖለቲካ ክርክር ያስተናገዱት በአብዛኛው እነዚያ ክፍሎች ናቸው። እዚያም አድማጭ ይቆጠራል፤ ያውም ከነቅጽል ስሙ በዝርዝር። ከዚያ ደግሞ ኦዲዮናው የተባለው የዋሽንግተን ኩባንያ በተራ የስልክ ቁጥር ሬዲዮ ማሰማት ጀመረ። የደቂቃ ገደብ የሌለው የስልክ ውል እንጂ ኢንተርኔት የሌለው ታክሲ ነጂ ቁጥሩን ደውሎ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀምጥና ሲነዳ ይውላል። መሐንዲሶች ያን ሁሉ ዓመት ድምፅን ወደ ኢንተርኔት ለማሻገር ሲደክሙ ከርመው ሕዝቡ ተመልሶ በስልክ ሲሰማው ማየት ያስቃል።

የጥንቶቹ መሣሪያዎች አንድ በአንድ ተለዩ። በ2013 መጨረሻ ባለቤቱ ኤኦኤል ዊናምፕን ሊዘጋው አስታውቆ በ2014 መጀመሪያ ለሌላ ኩባንያ ሸጠው። የዳይንዲኤንኤስ ነፃ አገልግሎት በ2014 አበቃ። ላይቭ365 በጃንዋሪ 2016 ተዘጋ፤ በኋላ በሌላ ባለቤት ተከፈተ። በ2017 የኤምፒ3 ፓተንት ፈቃድ ሽያጭ ቆመ፤ ማንም ያለ ፈቃድ ሊጠቀምበት ይችላል ማለት ነው፤ ግን ያን ጊዜ ከእሱ የተሻለው ኦፐስ ከወጣ አምስት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር።

ዛሬ ቤቱ ውስጥ ጣቢያ ልትከል የሚል ሰው በ2012 በ35 ዶላር የወጣው ራስበሪ ፓይ ወይም ከልጅ ልጆቹ አንዱ ይበቃዋል። መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ ድምፅ የማያሰማ፣ መብራት የማይበላ። አይስካስትን መጫን ጥቂት ደቂቃ ነው። ማይክሮፎን የሚሰካበት ቀዳዳ ስለሌለው በዩኤስቢ የሚገባ ትንሽ ሳውንድ ካርድ ያስፈልገዋል፤ ጀማሪውን የሚያስቸግረው ይህ ነው። በሰዓቱ ፕሮግራም እየቀያየረ፣ ዘፈን ሲያልቅ ዝምታ እንዳይገባ እየጠበቀ የሚያጫውት ሊኩድሶፕ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጀመሩት ዴቪድ ባልድና ሳሙኤል ሚምራም የተባሉ ፈረንሳውያን ናቸው። ያኔ ባለጣቢያው እንቅልፉን አቋርጦ የሚሠራውን እሱ ይሠራለታል።

የራውተሩ ጣጣ ግን አልቀረም፤ እንዲያውም ባሰ። የአይፒ ቁጥር እጥረት ስላለ ብዙ የኢንተርኔት ኩባንያዎች፣ በተለይ የሞባይሎቹ፣ አንዱን የውጭ ቁጥር ለብዙ ደንበኛ ያካፍላሉ። ባለጣቢያው የራሱን ራውተር ቢከፍትም ከእሱ በላይ ያለውን የኩባንያውን ራውተር መክፈት አይችልም። መፍትሔው ያው የ1999ኙ ነው፤ ርካሽ ሰርቨር ተከራይቶ ከቤት አንድ ቅጂ ብቻ ወደዚያ መላክ።

በፋይበር የራሱ ቁጥር ያለው ሰው ግን ሒሳቡ ተገልብጦለታል። ከቤቱ የሚወጣው መስመር 20 ሜጋቢት ከሆነ በ128 ኪሎቢት ጥራት በስሌት ከ150 በላይ አድማጭ ይችላል፤ በኦፐስ ጥራቱን ሳይጎዳ ግማሽ ያህሉን ቀንሶ ቢያሠራጭ ደግሞ ያንን እጥፍ። መስመሩ ከማለቁ በፊት የሚያግደው ከአይስካስት ፋይል ላይኛው ክፍል የተቀመጠው የአድማጭ ጣሪያ ነው፤ ካልነኩት 100 ይላል። መቶ አንደኛው ሰው ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ይመለሳል። ይህን ለመለወጥ ፋይሉን ከፍቶ ቁጥሩን ማጥፋት፣ ሌላ መጻፍና ሰርቨሩ ፋይሉን እንደገና እንዲያነበው ማድረግ ነው፤ ሰርቨሩን አጥፍቶ የሚያስነሳ ከሆነ ግን በጠፋባት ቅጽበት መቶዎቹም አብረው ይቋረጣሉ፣ ቆጠራውም ከዜሮ ይጀምራል።